ሁለቱም ካልሆነ አንዱም አይሁን

ታላቅየዋ የሆስፒታሉን የኮምፒውተር ሰርቨር ለብቻዋ ስታስተዳድር ነው የኖረችው። ታናሽ እህቷ እዚያው ቢሮ ስትቀጠር ባልደረቦቿ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ አሏት። ፈገግ አለችላቸው፤ ውስጧን ግን ቅር አለው።

የቢሮው ራስ ምታት የታወቀ ነበር። ሐኪም ቀዶ ጥገና ሲያስይዝ የቀዶ ጥገናው ክፍል በአንድ ዳታቤዝ፣ ማለትም የመረጃ ቋት፣ ለታካሚው የሚያስፈልገው ደም በሌላ ይመዘገባል። አንዳንዴ ክፍሉ ተይዞ ደሙ ይቀራል፤ ሌላ ጊዜ ደሙ ለማይደረግ ቀዶ ጥገና ተይዞ ይቀመጣል። ታላቅየዋ ይህን በራሷ ኮድ እየጠጋገነች አቆይታዋለች። ታናሽየዋ ገና ወንበሩ ሳይሞቅላት፣ ሁለቱን ማስማማት በጃቫ ለተሠራው ለራሱ ለሰርቨሩ ይሰጥ አለች። ሰርቨሩ አስቀድሞ ሁለቱንም ዝግጁ መሆናቸውን ይጠይቃል፤ ሁለቱም እሺ ካሉ ያጸድቃል፣ አንዱ እምቢ ካለ ሁለቱንም ይሰርዛል። አለቃቸው በሰው ፊት አመሰገናት። እናታቸውም ስትደውል የምታነሳው የትንሿን ጉብዝና ብቻ ሆነ።

አዲሱ አሠራር ከመሞከሩ በፊት ታናሽየዋ ሥራዋን እንድታይላት እህቷን ለመነቻት። ታላቅየዋ ስህተቱን ወዲያው አገኘችው፤ የደሙ ዳታቤዝ ሰርቨሩ ከሚያስማማቸው ውስጥ አልገባም፤ ክፍሉ እምቢ ቢል እንኳ ደሙ ለብቻው ይጸድቃል። ልትናገር አፏን ስትከፍት አለቃቸው በበሩ ብቅ ብሎ ታናሽየዋን «የኛ ኩራት» አላት። ታላቅየዋ የመጣላትን ቃል ዋጠችና ምንም አይልም ብላ መለሰችላት።

ሙከራው ሐኪሞቹ ባሉበት ተደረገ። የሙከራ ቀጠሮ እያስያዙ የክፍሉን ዳታቤዝ ሆን ብለው አጠፉት። ቀጠሮው ተሰረዘ፤ ደሙ ግን እንደተያዘ ቀረ። አለቃቸው ሥራውን ማን እንዳየው ሲጠይቅ ታናሽየዋ ቀድማ፣ ማንም አላየውም፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለች። ታላቅየዋን ይህ የእህቷ ደግነትም አስቀናት።

ኮሪደር ላይ ታናሽየዋ ጠበቀቻት።

«እታለም፣ አላየሽውም ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

ታናሽየዋ ፊቷን አዙራ ሄደች።

ታላቅየዋ ተመልሳ ለአለቃቸው እውነቱን ነገረችው፤ የደሙን ዳታቤዝ ግንኙነትም በእጇ አስተካከለች። ሙከራው ሲደገም ሠራ። ምስጋናው አሁንም ለታናሽየዋ ሆነ፤ ታላቅየዋም ከሌሎቹ ጋር አጨበጨበች።

ከዚያ ወዲህ ታናሽየዋ ሥራዋን የምታሳየው ከጎኗ ለተቀመጠችው ባልደረባዋ ነው። ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው ሲንሾካሾኩ ታላቅየዋ ከማዶ ታያቸዋለች። ይሄኛው ቅናት ከፊተኛው ባሰባት።