የየኔታ ጥምጥም

ፎቶው አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። በጥቁርና ነጭ ይታተማል ያልኩት የአባቴ ፊት ጎመን መሰለ።

አባቴ፣ የኔታ ወልደተንሣኤ፣ ጎረቤላ ባለው ጉባኤ ቤት ሠላሳ ዓመት ዜማ አስተምረዋል። ካረፉ ዓመት ሊሞላ ነው። ነገ ተማሪዎቻቸው ተሰብስበው ፎቷቸውን ጉባኤ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ። ያለን አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። «ደብረ ብርሃን፣ እኔው ቤት አሳድጌ አትመዋለሁ» ብዬ የፎከርኩት እኔ ነኝ።

አጎቴ ጋሽ ቴዎፍሎስ የመኪና ቁልፋቸውን እያሽከረከሩ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ማርያማዊት፣ አንቺ የተማርሽው ስታቲስቲክስ ነው። ስጪኝና አዲስ አበባ ወስጄ ላሳትመው።»

«ማንበብም ተምሬያለሁ፣ ጋሼ» አልኩና የፕሪንተሩን መመሪያ ከፈትኩ።

ጥፋቱ የወረቀቱ ነበር። በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ይህ ፕሪንተር ጥቁሩን ቀለም አይነካም፤ ሌሎቹን ሦስቱን ደባልቆ ግራጫ ይሠራል። አንዱ ትንሽ ከበዛ ፊት ጎመን ይሆናል። ወፍራም፣ የማያብረቀርቅ ወረቀት አስገባሁ፤ «በጥቁር ቀለም ብቻ» የሚለውን መረጥኩ። አረንጓዴው ጠፋ። ካባው ጠቆረ። ጥምጥሙን ደግሞ በኮምፒውተር አነጣሁትና ለእናቴ ሰጠኋት።

መነጽሯን አድርጋ አየችው።

«ጥምጥሙን በረኪና ነክረሽው ነው?»

«ነጭ አይደል እንዴ፣ እማዬ?»

«ነጭማ ነው። እጥፋቱ የታለ? የኔታ ከግራ ጆሯቸው በላይ ሦስት ጊዜ አጥፈው ነው የሚጠመጥሙት። ተማሪዎቻቸውም ከሳቸው አይተው እንደዚያው ነው። ይሄ የማንም ቄስ ነው።»

ጋሽ ቴዎፍሎስ ሳቁ። «በይ ስጪኝ፣ መሸብኝ።»

«ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው!»

እናቴ እውነቷን ነው። አንጥቼ አንጥቼ አባቴን አጥፍቻቸዋለሁ። ወደ መጀመሪያው ቅጂ ተመለስኩ። አንድ ወረቀት በቀጫጭኑ ቆርጬ፣ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ እያደረግሁ በየቁራጩ ጥምጥሙን ብቻ አተምኩ። በዚህ ብርድ ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ሳይደርቅ ደግሞ ትክክለኛ መልኩን አያሳይም። መጠበቅ አልወድም፤ ግን ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ። ከዚያ ቁርጥራጮቹን መስኮቱ ላይ ደረደርኳቸው። አራተኛዋ ላይ ሦስቱም እጥፋቶች ቁልጭ ብለው ታዩ።

በዚያው ልክ ሙሉውን አተምኩት። ካባው ድቅድቅ ጥቁር ነው፤ ግን የጥልፉ ክር አንድ በአንድ ይለያል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ይህን ለማለት አላፍርም።

እናቴ ወረቀቱን ሳትነካ እጥፋቶቹን በጣቷ ከላይ ከላይ ተከተለች።

«እሳቸው ናቸው» አለች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «በል ና፣ ጎረቤላ እንሂድ።»

«ቀኑ ነገ አይደል እንዴ?»

«ነገ ሰው ይበዛል። ልጄ የሠራችውን ተማሪዎቹ ዛሬ ረጋ ብለው ይዩት።»

ፎቶውን በሁለት ካርቶን መሃል አድርጋ ደረቷ ላይ ያዘች። ጋሽ ቴዎፍሎስን በክርኗ ገፋ ገፋ እያደረገች አስወጣቻቸው፤ እኔን ደህና ዋይ እንኳ ሳትለኝ ተከትላቸው ወጣችና በሩን ዘጋችው።