ተጓዧ ከተማ ሙታኗን የት ትቀብራለች?

ወንበሩ አንድ እግሩ አጠር ያለ ነው፤ የተቀመጠበት ሰው ሁሉ ወደ ግራ ዘመም ይላል። መምህርት አቼንግ ሆን ብለው ነው ያላስጠገኑት። «የፈጠረውን ዓለም የሚያውቅ ሰው፣ ወንበር ቢነቃነቅበት እሱ አይነቃነቅም» ይላሉ። ዛሬ ሙቲንዳ እጆቹን ጭኑ ላይ አጣምሮ ተቀምጦበታል። ናሊያካ መስኮቱ ሥር ሆና ዓይኗን ከእጆቹ ላይ አልነቀለችም። የሌባ እጅ ምን ይመስል ይሆን? እነዚህ ቀጫጭን፣ ንጹሕ እጆች ናቸው። እንዲያውም ያበሸቃት ንጽሕናቸው ነው።

ክፍሉ ንጋራ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ሱቅ በላይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ በምድር ላይ ስለሌሉ አገሮች ልብወለድ ለመጻፍ የሚፍጨረጨሩ ሰዎች እዚህ ይሰበሰባሉ። መምህርት አቼንግ ጡረታ እስኪወጡ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ናቸውና፣ ወንዙን ሽቅብ ያስኬደውን ሁሉ ያለ ርኅራኄ ይወርዱበታል። ሕዝቡ ጨው ከየት ያመጣል? ንጉሡን የሚመግበው ማነው? ወንበሩ ላይ የወጣ ሰው ለተጠየቀው ሁሉ ሳያመነታ መመለስ አለበት። ያመነታ «ገና አልበሰለም» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ያላመነታውን ግን መምህርት ራሳቸው ረቂቁን ይዘው ለሚያውቁት አሳታሚ ያደርሱለታል። ሙቲንዳ ዛሬ ካለፈ፣ የናሊያካ መጽሐፍ አለቀለት ማለት ነው።

ምክንያቱም ባለፈው ቅዳሜ ያነበበው ምዕራፍ የሷ ነበር። በኮረብታ ጀርባ ላይ ያለች ከተማ፤ በበጋ በበጋ ኮረብታው ተነሥቶ የሚሄድ፤ ድስቶቹ በገመድ የሚንጠለጠሉ፤ ልጆቹ ከአልጋቸው ጋር በመቀነት የሚታሰሩ። ናሊያካ ያን ቀን የሻይ ኩባያዋን እንደያዘች ክው ብላ ቀርታለች። ይህችን ከተማ የፈጠራት ታላቅ ወንድሟ ሲሚዩ ነው። ትምህርት ሲዘጋ አገራቸው ቡንጎማ ይመጣና፣ ማንጎው ዛፍ ሥር በቆሎ እየፈለፈሉ ይተርክላት ነበር። «ላንቺ ብቻ ነው፤ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» ይላት ነበር። ትምህርቱን ሳይጨርስ ታሞ፣ ለመናገር እንኳ አቅም አጥቶ ሞተ። እሷም ከሱ የቀራትን ይህንን ብቻ፣ ለማንም ሳታሳይ፣ ዓመታት ሙሉ ስትጽፍ ኖረች።

ታዲያ ይህ ሰው ከየት አገኘው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፤ ሳምንቱን ሙሉ ስትጠረጥር ከረመች። ፎቶ ኮፒ ቤቱን ጠረጠረች። ሽንት ቤት ስትሄድ ትታው የምትሄደውን ቦርሳዋን ጠረጠረች። ደግሞስ ሙቲንዳ ሁልጊዜ ከቦርሳዋ አጠገብ የሚቀመጠው ለምንድነው? አንድ ቀን «አገርሽ የት ነው?» ብሏት «ቡንጎማ» ስትለው፣ መሬት መሬቱን አይቶ ነበር። የከተማ ስም ሲጠራ አንገቱን የሚደፋ ንጹሕ ሰው አለ? ማታ ማታ መስታወት ፊት ቆማ «አንተ ሌባ!» ማለት ስትለማመድ ሰነበተች።

ጥያቄው ቀጥሏል።

«ኮረብታው ሲሄድ እርሻቸውስ?» አሉ መምህርት።

«እርሻው ጀርባው ላይ ነው። ሥሩ አጭር የሆነ እህል ብቻ ይዘራሉ።»

«ሽንት ቤቱስ? እንግዲህ አትፍረዱብኝ፣ እኔ ነርስ ነኝ!» አለች ከጸሐፊዎቹ አንዷ፣ ዋምቡዪ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«በኮረብታው ጭራ በኩል ነው። ስለዚህ ማንም ተከትሏቸው አያውቅም።»

መምህርት ሳይቀሩ ሳቁ። ምላሱ ጤፍ ይቆላል፣ አለች ናሊያካ በሆዷ። ሳቁ ደግሞ ይበልጥ አንገበገባት፤ ሲሚዩም የጭራውን ነገር ሲያወራ እሷ በሳቅ ትንከተከት ነበርና። ይስቅ ግዴለም። ወጥመዷን አዘጋጅታ ነው የመጣችው። ሲሚዩ ያልነገራት አንድ ነገር አለ። ስንቴ ጠየቀችው! «ስታድጊ እነግርሻለሁ» እያለ ያልፋት ነበር። ረቂቋ ላይ ቦታውን ባዶ ነው የተወችው። የሌለ ነገር ደግሞ አይሰረቅም።

እጇን አነሣች።

«ሙታናቸውን የት ነው የሚቀብሩት? ኮረብታው ትቶ የሚሄድ ከሆነ፣ መቃብሩ ብቻውን ሜዳ ላይ ሊቀር ነው?»

ሙቲንዳ ቀና ብሎ አያት። ከታች የስፌት መኪናዎቹ ይንገጫገጫሉ። እጆቹ ተላቅቀው ወንበሩን ጨበጡ። ናሊያካ ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ያዝኩህ፣ ያዝኩህ!

«አመነታህ» አሉ መምህርት ብዕራቸውን እያስቀመጡ።

«አላመነታሁም፣ መምህርት። መልሱን አውቀዋለሁ።» ዓይኑን ከናሊያካ ላይ አላነሣም። «ወደፊት ነው የሚቀብሩት። ሰው ሲሞት ጎረምሶቹ ይሸከሙትና፣ ኮረብታው ገና በሚደርስበት ሜዳ ወስደው ያሳርፉታል። ስለዚህ ከተማዋ ሙታኗን ትታ ሄዳ አታውቅም። የትም ብትደርስ ቀድመው ይጠብቋታል።»

ዋምቡዪ አፏን በእጇ ያዘች። ናሊያካ ጆሮዋ ጭው አለባት። ልክ ነበር። ከዚህ ሌላ መልስ ሊኖረው አይችልም። እሷ ዓመታት ሙሉ አስባ ያልደረሰችበት፣ ሲሰሙት ግን የሲሚዩ ድምፅ ያለበት መልስ ነው።

«አልፈሃል» አሉ መምህርት ቀስ ብለው።

«አላለፍኩም። የኔ አይደለም፣ መምህርት። ከተማዋም የኔ አይደለችም።» ሙቲንዳ ላብ ጠመቀው። «አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን ከኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛ ልጅ ነበር። መብራት ሲጠፋ ለኔ ይተርክልኛል። ከዚያ ታመመና ወደ ቤቱ ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ያለበትን የሚነግረኝ አጣሁ። መጽሐፉ ቢታተም አንድ ቀን ያየዋል፣ ‹አንተ ሌባ!› እያለ ደጄ ድረስ ይመጣል ብዬ ነው የጻፍኩት። እስኪ ይምጣና ይስደበኝ!»

አንተ ሌባ። ሳምንት ሙሉ የተለማመደችውን ቃል እሱው ራሱ ተናገረው። መጀመሪያ የመጣባት ቅናት ነበር። ላንቺ ብቻ ነው ብሏት አልነበር? ውሸታም! ለባዕድ ልጅ፣ እሷ አይታው በማታውቀው ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ሁሉንም ዘክዝኮ ነግሮታል። ከቅናቱ ሥር ግን ሌላ ነገር መጣ። ከሱ የቀረው ሁሉ እሷ ዘንድ ብቻ ያለ መስሏት ነበር፤ ለካ ሌላ ሰው ዘንድም ነበር።

«እኔን የገረመኝ ደግሞ ጥያቄሽ ነው» አላት ሙቲንዳ። አሁን የሚጠረጥረው እሱ ነበር። «እሱም ይህን መልስ ያገኘው በመጨረሻው ሰሞን ነው። አንድ ሌሊት ከላይ አንኳኳብኝ። ‹አገኘሁት! እህቴ ሙታናቸውን የት ይቀብራሉ እያለች መቆሚያ መቀመጫ አሳጥታኛለች። አሁን ስሄድ እነግራታለሁ› አለኝ።» ከወንበሩ ተነሣ። «የቡንጎማ ልጅ ነው። ሲሚዩ ይባላል። እህቱ… አንቺ ነሽ እንዴ?»

ናሊያካ ቦርሳዋን ከፍታ ረቂቋን አወጣች። ገጾቹን አገላበጠች። ባዶ የተተወውን ገጽ ስታገኝ ለሙቲንዳ ዘረጋችለት። እሱም የላይኛውን ገጽ አነበበ፤ ድስቶቹን፣ ገመዱን፣ መቀነቱን። ከዚያ ነጩን ወረቀት ብዙ ጊዜ አየው። ፊቱ በራ፤ ሰው የጠፋ ዘመዱን ደጃፍ ላይ ሲያገኝ እንደሚሆነው።

«እሱስ?» አላት በጉጉት። «እሱስ አሁን የት ነው ያለው?»

«ቀድሞናል» አለችው።