ቀይ ነጥብ ያለበት ካሴት

«ይሄማ አባትሽ አይደለም» አሉ ጋሽ ድራመር፣ ወፊት ከካሴት የቀዳችበትን ስልክ ከጆሯቸው እያወረዱ።

ወፊት የያዘችውን የሻይ ትሪ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ከአባቷ ቀብር በኋላ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ሳሎኑ በለቅሶ ደራሽ ጢም ብሏል። እሷና የአባቷ የድሮ ባንድ ድራመር ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ በደንብ ይስሙት እንጂ። ሳክስፎን እኮ ነው።»

«ሳክስፎን መሆኑን ማን ያጣዋል? ይሄ በተቀረጸ ጊዜ አባትሽ ታሞ ተኝቶ ነበር። የነፋው ያ ነው» ብለው በአገጫቸው ወደ ሳሎኑ በር ጠቆሙ።

በሩ ሥር አንድ ቀጭን ሽማግሌ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል። ከገቡ ጀምሮ «እግዜር ያጽናችሁ» ከማለት ሌላ ትንፍሽ አላሉም።

ወፊት ስህተቷ ገባት። ትናንት ሊያስተዛዝን የመጣው የሬዲዮ ጋዜጠኛ «ከአባትሽ ሥራ አንድ ስጪኝ፣ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስሙን ጠርቼ አሰማዋለሁ» ሲላት፣ ከአባቷ ካርቶን ውስጥ ቀይ ነጥብ ካለባቸው ካሴቶች አንዱን አንስታ እጁ ላይ አስቀምጣለታለች። ካሴቶቹ ላይ ያለው የዘፋኙ ስምና ፎቶ ብቻ ነው። ከኋላ ሆኖ ለሚነፋው ማን ግድ አለው? ነጥቡን አባቷ የሷን የጥፍር ቀለም እየሰረቀ ነበር የሚያደርገው። ታዲያ የራሱን ሥራ ካልሆነ የማንን ምልክት ያደርጋል?

«የሚቀናበትን ነዋ» አሉ ጋሽ ድራመር። «የራሱንማ መች ደግሞ ይሰማል፣ ያፍራል። ‹ምነው ይሄን እኔ በነፋሁት› ያለበት ላይ ነው ነጥብ የሚያደርገው።»

ስምንት ተኩል አልፏል። ለጋዜጠኛው ደወለች፤ ተይዟል። ደገመች፤ አሁንም ተይዟል። አክስቷ መጥታ ነገሩን ስትሰማ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እና ምን ይሁን? ማን ይለየዋል? ወንድሜ በዕድሜው ሙሉ አንድ ቀን ስሙ ሳይጠራ ነው የሞተው። ዝም በይ። አንቺ ደግሞ ዝምታን የት ታውቂያትና፣ ወፊት ያልንሽ በከንቱ ነው?»

ወፊት ስልኩን ኪሷ ከተተች። ግን ያቺ ታክሲ መጣችባት። የአስር ዓመት ልጅ ሆና፣ አባቷ የነፋበት ዘፈን ሲከፈት «ይሄን የነፋው አባቴ ነው» አለች ጮክ ብላ። ሾፌሩ በመስታወት አያቸውና «የኔም አባት አውሮፕላን ያበርር ነበር» አለ። ታክሲው በሳቅ ሞተ። አባቷም አብሮ ሳቀ። ከወረዱ በኋላ ግን ቤት እስኪደርሱ አንዲት ቃል አልወጣውም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አክስቷ ሬዲዮኑን ከፈተችው። ጋዜጠኛው የአባቷን ስም እስከ አያቱ ጠራ። አክስቷ መሐረቧን አፏ ላይ ያዘች። ሳክስፎኑ ገባ፤ መጀመሪያ እንደሚያመነታ ሰው፣ ከዚያ ግን ቤቱን ሞላው።

«እንዲህ ነበር እንዴ የሚነፋው?» አለ አንዱ ጎረቤት። «አጠገባችን ኖሮ ሳናውቀው።»

ቀጭኑ ሽማግሌ ቀና አሉ። ሬዲዮኑን አዩት፣ አክስቷን አዩዋት። ከዚያ አንገታቸውን ደፉና «አዎ፣ ጎበዝ ነበር» አሉ።

ወፊት ከዚህ በላይ አልቻለችም።

«አባዬ አይደለም» አለች። «የነፉት እኚህ ናቸው። ካሴቱን አሳስቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። አባዬ ምልክት ያደረገበት ስለሚቀናባቸው ነው።»

አክስቷ በዓይኗ ልትበላት ደረሰች።

«በኔ?» አሉ ሽማግሌው። «እሱ በኔ ይቀና ነበር?»

«ካርቶን ሙሉ አለ። ጋሽ ድራመርን ይጠይቋቸው። ጋዜጠኛው ስልኩን ባያነሳልኝ ነገ ቢሮው ድረስ ሄጄ አስተካክለዋለሁ።»

ሽማግሌው የካፖርታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ መፍታት ጀመሩ። አክስቷ ሬዲዮኑን ልትዘጋ እጇን ስትሰድ፣ ወፊት ቀደመቻትና ድምፁን ጨመረችው።