የነቃው በሬ

ሐኪሟ ጣቷን ዘርግታ የወደቀውን በሬ ብሌን በቀስታ ነካችው። ዓይኑ ተርገበገበ። የማደንዘዣው ሽጉጥ ግንባሩን መትቶታል፣ እግሩም በሰንሰለት ታስሮ ሊሰቀል ነው፤ በሬው ግን ነቅቷል። ከጠዋት ጀምሮ ይህ ሦስተኛው ነው።

«ድገመው» አለችው ተኳሹን። በተጠባባቂው ሽጉጥ ደገመው። እንደገና ነካችው፤ አሁን ዓይኑ አልተንቀሳቀሰም። ያን ጊዜ ወደ ግድግዳው ሄዳ ቀዩን ቁልፍ ተጫነች። የቄራው ሰንሰለት ተንቀጫቅጮ ቆመ።

በዚህ ቄራ ቅጹ የሚፈረመው ጠዋት ነው፤ አንድም ከብት ሳይገባ። «ዛሬ የታረዱት ሁሉ ቢላ ሳይነካቸው ራሳቸውን ስተው እንደነበር፣ በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት አረጋግጫለሁ» ይላል። አራት ዓመት ሙሉ ሻይዋን እየጠጣች ፈርማዋለች። ማንም አላስገደዳትም፤ የሚያሳፍራትም ይኸው ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እነዚያ ሁሉ ወረቀቶች ዛሬም ስሟን ይዘዋል። የዛሬው ግን ሳይፈረም ኪሷ ውስጥ ነው።

ሥራ አስኪያጁ እያለከለከ መጣ።

«ዶክተር፣ ሥጋውን የሚገዙት የውጭ ሰዎች ሊደርሱ ነው። ሰንሰለቱን ቆሞ ካዩት ውሉ ቀረ ማለት ነው። ለአንድ ጥቅሻ ነው ይሄ ሁሉ?»

«ጥቅሻ አይደለም። በሬው እያየን ነበር። ሽጉጡ አርጅቷል፣ ይለወጥ ብዬ ሁለቴ ጽፌልዎታለሁ።»

«በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል አልሰማሽም? ያው ሊታረድ ነው የመጣው።» ቢላ ይዘው ወደቆሙት አጎቷ ዞረ። ሥራውን ያስገኙላት እሳቸው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት እዚሁ አርደዋል፣ ለጡረታ ጥቂት ወራት ነው የቀራቸው። «የእህትዎ ልጅ አይደለች? ይምከሯት እንጂ። ያለዚያ አብረዋት ነው የሚወጡት።»

ለራሷ አልፈራችም፤ ለሳቸው ፈራች።

አጎቷ ቢላቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እኔም በሬዎቹ ሲያዩኝ አይቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ስንቴ። ማን ይሰማኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ሐኪሟ ቅጹን አወጣች፤ «ሦስት በሬዎች ነቅተው ተገኝተዋል፤ እርዱ ቆሟል» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ሥራ አስኪያጁ የወረቀቱን ጫፍ ጨብጦ ሳበ። አልለቀቀችም።

«ይቀደዳል» አለ።

«ይቀደድ። ሌላ እጽፋለሁ።»

በሩ ተንኳኳ። አጎቷ ደም የነካውን ሽርጣቸውን ሳያወልቁ ሊከፍቱ ሄዱ።