ማረሻውን ራሳቸው የገጠሙ ዕለት

ሳቂታ ሁለተኛ ባሏን ያገባችው ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ ነው። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሲናገርም ሲበላም የማይቸኩል ረጋ ያለ ሰው ነበር። ተሳፋሪዎቹ «ቀስ በቀስ» የሚል ስም አውጥተውለት፣ ስሙ ከአውቶቡሱ ጋር ሳይቀር አብሮት መጣ። እሷን ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ሳቂታ ያሏት መርፌ ሲወጓት እንኳ ስለምትስቅ ነው። ሲጋቡ የሰፈሩ ሰው «በስተርጅና ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» ብሎ አማ፤ አምቶ ሲጠግብ ተወው።

ያልተወው የሳቂታ ልጅ ብቻ ነበር። ልጁ ከተማ ዱቄት ፋብሪካ ይሠራል። አባቱ ከሞተ ወዲህ የእርሻ ወቅት በደረሰ ቁጥር እየመጣ፣ ማረሻውን ከትራክተሩ ጋር ገጥሞ፣ መሬቱን አርሶ ይመለስ ነበር። ዘንድሮ ግን ፈቃድ ከለከሉት። ሰማዩ ደግሞ ከሰሞኑ ፊቱን አጥቁሯል።

«እማዬ፣ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ጠብቂኝ» አላት በስልክ።

«እኔስ እጠብቅህ ነበር፤ ዝናቡ ግን ቀጠሮ አያከብርም።»

«እንግዲያው ሰው ቅጠሪ። ብቻ ያ ሰውዬ ማረሻውን እንዳይነካው። አውቶቡስና እርሻ ለየቅል ናቸው፤ እጁን ያስበላል።»

የሳቂታ ስልክ ጆሮ ላይ ቢለጥፉትም ለሰፈር የሚያሰማ ነው። ቀስ በቀስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ ነበርና ሁሉንም ሰማ። ያሰረውን ፈታና እንደገና አሰረው። ሳቂታ ይህን አየች።

«ሰማኸው አይደል?» አለችው ስልኩን ዘግታ።

«ሰማሁት። ልክ ነው እኮ፤ አላውቅበትም።»

«እኔ አውቅበታለሁ» አለች።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ገረማት። ለሟቹ ባሏም ለልጇም ፒን ስታቀብል፣ «ያዢ» ሲሏት ስትይዝ፣ «ዞር በይ» ሲሏት ዞር ስትል ነው የኖረችው። ማረሻ እንዴት እንደሚገጠም ዓይኗ ያውቃል፤ እጇ ግን ሞክሮት አያውቅም። የትራክተሩ መቀመጫ ላይማ አንድ ቀን እንኳ ወጥታ አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መጋዘኑ ሄዱ። ባለ ሁለት ምላጩ ማረሻ በግንድ ተደግፎ፣ ዶሮዎች ሠፍረውበት ቆሟል። ሳቂታ ዶሮዎቹን አባርራ ትራክተሩን ከኋላው አሳየችው። ሦስት መያዣ አለው፤ ከታች ግራና ቀኝ የሚነሱና የሚወርዱ ሁለት የብረት ክንዶች፣ ከላይ መሃል ላይ ደግሞ ጥርሱን ሲያዞሩት የሚረዝምና የሚያጥር አንድ ዘንግ።

«መጀመሪያ የግራው ክንድ ይገባል፤ ከዚያ የቀኙ፤ የላይኛው መጨረሻ» አለችው።

«የግራው ለምን ይቀድማል?»

«ግትር ስለሆነ ነዋ። የቀኙ ይሄውልህ ማዞሪያ አለው፤ ከፍ ዝቅ ይላል። ግትሩን ቦታ ታስይዘውና እሺ ባዩን ወደሱ ታመጣዋለህ።»

«እንደ ባልና ሚስት በይኛ።»

«ግትሩ ማን ሊሆን ነው?»

ቀስ በቀስ ትራክተሩ ላይ ወጣ።

የቸገራቸው ነገር ሌላ ሆነ። እሷ ከኋላ ቆማ በእጇ «ና፣ ና» ስትለው ይቆማል፤ መዳፏን ዘርግታ «በቃ» ስትለው ይመጣል። ሦስት ጊዜ ሞክረው ክንዱ ከማረሻው መግጠሚያ ፒን አለፈ። ቀስ በቀስ ሞተሩን አጥፍቶ ዞረ።

«እየጠራሽኝ ነው ወይስ ዝንብ እያባረርሽ ነው?»

«እየጠራሁህ!»

«እኔ የማውቀው የረዳት ቋንቋ ብቻ ነው። የአውቶቡሱን ገላ ሁለቴ ሲመታ እሄዳለሁ፤ አንዴ ሲመታ እቆማለሁ።»

ሳቂታ ስቃ ሳታበቃ ዱላ አንስታ ወደ መጋዘኑ ቆርቆሮ ተጠጋች።

«አንድ ሌላ ነገር» አለ ቀስ በቀስ፤ አሁን ፊቱ ኮስተር ብሏል። «መላ ሰውነትሽ በስፖኪዮ መስታወቱ ካልታየኝ ጎማው አይንቀሳቀስም። አንቺን በሁለት ብረት መሃል አቁሜ የኋላ ማርሽ አላስገባም። ቆሜ፣ ፍሬን ይዤ፣ ሞተር ሳጠፋ ነው የምትገቢው።»

እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። የቀድሞዎቹ ሞተሩ እየጮኸ «ቶሎ በይ» ነበር የሚሏት። ሳቂታ በስፖኪዮው በደንብ ከምትታይበት ቆመችና ቆርቆሮውን ሁለቴ መታች። ትራክተሩ እንደ ድመት ተንፏቀቀ። አንዴ መታች፤ ቀጥ አለ። ሞተሩ ጠፋ። የግራው ክንድ ቀዳዳ ከማረሻው ፒን ፊት ለፊት ቆሟል። በጉልበቷ ገፋ አድርጋ አስገባችውና መቆለፊያውን ሰካች።

የቀኙ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። ማዞሪያው ዝጎ አልነቃነቅ አለ። ቀስ በቀስ መዶሻ ሊያመጣ ሲነሳ፣ «ተው፣ በዘይት ይለመናል» አለችው። ዘይት ጠብ አደረገችበትና ሁለቱም አራት እጅ ሆነው ያዙት። መጀመሪያ ጮኸ፤ ቀጥሎ አጉረመረመ፤ ኋላ ለቀቀ። ክንዱ ዝቅ አለና ፒኑን ዋጠ። የላይኛውን ዘንግ ደግሞ እሷ ስታረዝም እሱ ማረሻውን እየደገፈ ቀዳዳና ቀዳዳ አገጣጠሙ። ቀስ በቀስ ማንሻውን ሲስብ ማረሻው ከግንዱ ላይ ተነሳ። ሁለቱም አዲስ የተወለደ ልጅ እንደሚያይ ሰው አዩት።

ማሳው ላይ ግን ጉራቸው ብዙ አልቆየም። ቀስ በቀስ ነድቶ፣ ሳቂታ ራቅ ብላ እየተከተለች፣ የመጀመሪያውን ትልም አወጡ። ማረሻው ከኋላ እንደ ውሻ ጅራት ሲወዛወዝ ነበር። ጎረቤታቸው ንብ አርቢው አጥሩ ላይ ክንዱን ደግፎ ሲያይ ቆየና፣

«እትዬ፣ ይሄ ትልም ነው ወይስ ፊርማ?» አለ።

ሳቂታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስትስቅ ትዝ አላት፤ ሟቹ ሁልጊዜ ከመነሳቱ በፊት የሚያጠብቃቸው ሁለት የጎን ሰንሰለቶች ነበሩ። ክንዶቹ ወዲያና ወዲህ እንዳይሉ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ሞተር አጥፍተው ግራና ቀኙን እኩል አጠበቋቸው። ሁለተኛው ትልም ቀጥ አለ፤ ግን አንዱ ምላጭ ጠልቆ ሲቆፍር ሌላው መሬቱን ይቧጥጣል።

ቀስ በቀስ ወርዶ ትንሽ ራቅ ብሎ ከኋላ አየው።

«ያዘነበለ ነው» አለ። «ተሳፋሪ ሁሉ በቀኝ በር ሲታጨቅ አውቶቡሱ እንዲህ ይሆናል። የቀኙ ጎማ ትልሙ ውስጥ ወርዷል፤ ማረሻውም አብሮት ወርዷል።»

«ስለዚህ የቀኙን ክንድ ከፍ እናድርገዋ» አለችና ማዞሪያውን ያዘች። ሌላ ትልም ካወጡ በኋላ ተንበርክካ ጥልቀቱን በስንዝሯ ለካች። «አሁንም የፊተኛው ይበልጣል። አፍንጫውን ደፍቷል። የላይኛውን ዘንግ ትንሽ ማርዘም ነው።»

«በየጊዜው ወርጄ ከማይ ከዚሁ ሆኜ ልመልከተው» አለ ቀስ በቀስ። «አንቺ ውጪ።»

«የት?»

«መቀመጫው ላይ።»

«እኔ? አብደሃል?»

«ሙሉ አውቶቡስ ሕዝብ አምኖኛል፤ አንቺስ አታምኚኝም? የፍሪሲዮኑን መርገጫ እንደ እንቁላል በቀስታ ልቀቂው። ዓይንሽን ሩቅ፣ ከዛፉ ላይ ትከይ። ከጎማው ስር ካየሽ ትጠሚያለሽ።»

ሳቂታ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። መሪውን ግጥም አድርጋ ያዘች። ፍሪሲዮኑን ለቀቀች፤ ትራክተሩ አንዴ ዘለለና እንደ ሽማግሌ ዝግ ብሎ መራመድ ጀመረ። ከላይ ሲያዩት ማሳው ሌላ ነበር፤ ሰፊ፣ የሷ። ከኋላዋ አፈሩ እየተገለበጠ፣ ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ሲተኛ ሽታው መጣላት። ዓይኗን ከዛፉ ሳትነቅል ዳር ደረሰች። ማንሻውን ስባ ማረሻውን አነሳች፣ ዞረች፣ አወረደች። ሳቋ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር። ንብ አርቢው ኮፍያውን አወለቀላት።

ልጇ የደረሰው በዚህ መሃል ነው። ሌሊቱን ሲጨነቅ አድሮ አለቃውን ለምኖ ነበር የመጣው። ሞተር ሳይክሉን አጥሩ ስር ጥሎ እየሮጠ ማሳው ውስጥ ገባና እናቱን መቀመጫው ላይ ሲያያት ደርቆ ቀረ። ቀስ በቀስ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ቆሞ ነበር። ልጁ አልፎት ሄደ። ጎንበስ ብሎ እጁን ትልሙ ውስጥ ከተተ፤ ወደሚቀጥለው አለፈ፣ እንደገና ከተተ። ማረሻውን፣ ሰንሰለቱን፣ ማዞሪያውን አንድ በአንድ አየ።

«ማነው ያስተካከለው?» አለ በመጨረሻ።

«እናትህ» አለ ቀስ በቀስ። «እኔ ማዘንበሉን ብቻ ነው ያየሁት።»

ልጁ አቀርቅሮ በጫማው አፈር ገፋ። «ጋሼ» አለ፤ ቃሉ ለአፉ አዲስ ነበር። «በስልክ ያልኩትን ሰምተዋል መሰለኝ።»

«የናትህ ስልክ ያልሰማ ማን አለ?»

ንብ አርቢው ከአጥሩ፣ «እኔም ሰምቻለሁ» አለ። ሦስቱም ሳቁ። አመድ የመሰለው የልጁ ፊት ተመልሶ የሰው ፊት ሆነ።

ሳቂታ ትራክተሩን አጠገባቸው አቁማ ሞተሩን አጠፋች። ላብና አቧራ ፊቷ ላይ መንገድ ሠርተዋል።

«እማዬ፣ ውረጂ፤ እኔ ልቀጥል። ደክሞሻል» አላት ልጇ።

«ማን ነው የደከመው? ይልቅ ውሃ አምጣልኝ። ደግሞ ስመጣ ከዚያ ቁም፤ መላ ሰውነትህ ካልታየኝ ጎማው አይንቀሳቀስም።»

ልጁ ቀስ በቀስን አየው። ቀስ በቀስ ትከሻውን ሰበቀ። ልጁ ውሃ ሊያመጣ ሄደ።

በማግስቱ ማሳው አለቀ። ልጁ ከመመለሱ በፊት ከቀስ በቀስ ጋር ማዞሪያውን ፈታተው ዝገቱን ጠረጉለት፤ ሲሠሩም ስለ ከተማው አውቶቡሶች ሲያወሩ ዋሉ። ሳቂታ ግን አብራቸው አልነበረችም። ትራክተሯን አስነስታ፣ እንድታርስለት በለመናት በንብ አርቢው ማሳ ላይ ወርዳለች፤ እሱ አጥሩ ላይ ተደግፎ ይቆጣጠራል፣ እሷ ታርሳለች።