መሪ ይዞ ብድግ

አምሳለን እርር የሚያደርጋት ሰው ባሏን ሲያመሰግንባት ነው። «አንቺ የታደልሽ! እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ከየት አገኘሽ?» ይሏታል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይሏታል፣ ገበያ ይሏታል፣ ልቅሶ ቤት ሳይቀር ይሏታል። እሷም ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ «ተመስገን» ትላለች። ሆዷ ግን «አንድ ቀን ከእኔ ጋር መኪናው ውስጥ ተቀምጣችሁ ባያችሁት» ይላል። ይኼን ነገር መኪናዋ ከተገዛች ጀምሮ በሆዷ ይዛው ኖራለች። ለነፍስ አባቷ እንኳ አልተናገረችውም።

የመኩሪያ ጨዋነት እውነት ነው፤ ውሸት አይባልም። ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠርቶ በሰላም ጡረታ የወጣ፣ ከማንም ጋር ክፉ ደግ ያልተነጋገረ ሰው ነው። ችግሩ ሰላምታው ነው። ልጅ ሆኖ ትልቅ ሰው ሲመጣ ቁጭ ብሎ ከተገኘ አባቱ በኩርኩም ነበር የሚያስነሱት። ያ ኩርኩም እስከ ዛሬ ከአናቱ አልወጣም። ትልቅ ሰው ካየ ብድግ ነው። ታክሲ ውስጥ ብድግ። ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ ግሉኮስ ተሰክቶለት፣ ብድግ። ይኼ ሁሉ ባልከፋ ነበር፤ የከፋው መኪና እየነዳም ብድግ ማለቱ ነው።

እንዴት እንደሆነ ላላየ ሰው መንገር ይቸግራል። ከመካኒሳ እስከ ጀሞ ካለው ሰው ግማሹ ያውቀዋል። ተወልዶ ያደገው መካኒሳ ነው፤ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣለት ነው ጀሞ የገባው። እና መሪውን ይዞ ሲሄድ መንገድ ዳር አንድ ሽማግሌ ወይ አንድ ቄስ ካየ፣ ሁለት እጁን ከመሪው አንሥቶ ደረቱ ላይ ያደርግና «ኖር!» ብሎ ከወንበሩ ይነሣል። መኪናዋ ቪትዝ ናት፤ ለተቀመጠም ሰው ጣሪያዋ ቅርብ ነው። አናቱ ሄዶ ይጋጫል። ከአናቱ በላይ ያለው የጣሪያ ጨርቅ ወዝ ይዞ ጠቁሯል። ሰው ደግሞ ከወንበር የሚነሣው በእግሩ ገፍቶ ነው። የመኩሪያ እግር ያለው ነዳጅ መስጫው ላይ ነው። ስለዚህ እሱ ሰው ባከበረ ቁጥር መኪናዋ እንደ ጊደር ትዘላለች።

አንድ ጊዜ ለቄስ ብድግ ሲል የጎን መስታወቷን የመብራት ምሰሶ ገነጠለው። ሌላ ጊዜ ለድሮ አስተማሪው ሲነሣ መንገድ ዳር የተደረደረ ቲማቲም ላይ ወጣና አስፋልቱ ላይ ስልስ ሠራ። አንድ ቀን ደግሞ የቆመ ገልባጭ መኪና ሥር ሊገባ ስንዝር ቀርቶት ነው የተረፈው። ሰው ምን ሆንክ ሲለው «ፍሬኗ ናት፤ አልፎ አልፎ እምቢ ትላለች» ይላል። ጋራዥ ወስዶም ፍሬን ያስቀይራል። መካኒኩ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ደህና ነው» ቢለው፣ «ግድ የለህም፣ ቀይረው» ይለዋል።

አምሳለም ስትጠየቅ «ፍሬኗ ናት» ትላለች። የባልን ገመና አደባባይ ማውጣት ደግ አይደለም ብላ። ቤት ሲገቡ ግን አትምረውም።

«መኩሪያ፣ ተቀምጠህ ሰላም በል።»

«ተቀምጬ? ምን ዓይነት ሰው ነው ያሳደገው ይበሉኝ?»

«ቀበቶህን እንኳ እሰር።»

«ትልቅ ሰው እያየሁ እንደ እብድ ታስሬ ልቀመጥ?»

«እንግዲያው ክላክስ አድርግላቸው። እሱም ሰላምታ ነው።»

«በሽማግሌ ላይ ክላክስ! አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ምን ነካሽ?»

ቀበቶውን የሚያስታውሰው ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ነው። ሳብ አድርጎ በእጁ ይይዘዋል፤ ፖሊሱን ሲያልፍ ይለቀዋል።

እንዲህ እንዲህ እያለች ስትችል ቆየች። ትዕግሥቷ ያለቀው ሲና ስትወልድ ነው። ሲና አንድ ልጃቸው ናት። ከስንት ዓመት ስለትና ልመና በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። ባሏ ለሥራ ሐዋሳ ስለነበረ ከሆስፒታል የሚያመጣት አባቷ ነው። አምሳለ «ታክሲ ኮንትራት እንያዝ» አለች። መኩሪያ አኮረፈ።

«የልጅ ልጄን በሰው መኪና? እኔ ሞቻለሁ?»

«ምን አለበት እማዬ» አለች ሲናም፤ «አባዬ እኮ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው።»

እውነቷን ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። ሰው እስኪያይ።

አምሳለ ሕፃኗን ታቅፋ ከልጇ ጋር ከኋላ ተቀመጠች። መኪናዋ ሳትነሣ በፊት ባሏን ማጅራቱ ላይ በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ስማኝ። ዛሬ የምታውቀው ሰው የለም። ንጉሥ ቢመጣ አትነሣም።»

«እሺ አልኩ እኮ።»

«ማርያምን በል።»

«ማርያምን! ምን ልሁንልሽ?»

ቃሉን ሊጠብቅ ሞከረ፤ ይኼን አትክድም። መካኒሳ ላይ አንድ ሽማግሌ ዜብራ ሲያቋርጡ መሪውን እንቅ አድርጎ ያዘና አንገቱን ብቻ ሰበር አደረገ። ትንሽ ሄዶ አንዲት ባልቴት አየ። ከወንበሩ ሊላቀቅ ሲል አምሳለ «መኩሪያ!» አለችው፤ ቁጭ አለ። ግንባሩ ላብ በላብ ሆነ። ሲና ትስቃለች። አምሳለ አልሳቀችም፤ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ለጥፋ እንደ ዘበኛ መንገዱን ግራ ቀኝ ታያለች።

ጀሞ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው መንገዱ ተጨናንቆ መኪናው ሁሉ ያዘግማል። በቀኝ በኩል የፍራሽ ሱቅ አለ። ባለሱቋ ሰሀር የምትባል ፈጣን ሴት ናት። የስፖንጅ ፍራሾቿን ከበሩ ውጪ እስከ እግረኛው መንገድ ድረስ፣ ከሰው ቁመት በላይ አድርጋ ትቆልላለች። ከክምሩ አጠገብ ጋሽ ደገፋ ቆመዋል።

ጋሽ ደገፋ የእድራቸው ዳኛ ናቸው። የመኩሪያን እናትም አባትም አፈር ያስለበሱ እሳቸው ናቸው። ቪትዟን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ከዘራቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ በሙሉ ድምፃቸው «እንኳን ማርያም ማረቻት!» አሉ።

መኩሪያ ይኼን እንዴት ይቻለው? አምሳለ አፏን ሳትከፍት እጆቹ ደረቱ ላይ ነበሩ።

«ኖር!»

መኪናዋ ዘለለች። የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ወጣች፤ ሲና ጮኸች፤ አምሳለ ሕፃኗ ላይ ድፍት አለች። ከዚያ ዷ ይላል ብላ ስትጠብቅ ዷ የሚል ነገር የለም። እፍፍ የሚል ትልቅ ትንፋሽ ሰማች። መኪናዋ ክምሩ ውስጥ ገብታ ቆመች። ፍራሾቹ እየተንሸራተቱ ከላይ ወረዱባትና ውስጡ ድንግዝግዝ አለ።

አምሳለ መጀመሪያ ያየችው ሕፃኗን ነው። ጆሮዋን ወደ ሕፃኗ አፍንጫ አስጠጋች። ትተነፍሳለች። አፏን እንደ ዓሣ ከፈት ከደን አደረገችና እንቅልፏን ቀጠለች።

«ሲና! አለሽ?»

«አለሁ እማዬ! ልጄስ?»

«ተኝታለች። እንዳትቀሰቅሻት።»

ውጪ ግን ጩኸት ነው። «ሽማግሌው! ኧረ ሽማግሌው ከሥር ናቸው!» ይላል ሰው። አምሳለ ያ ሁሉ ዓመት የፈራችው ነገር ይኼ ነበር፤ ባሏ አክብሮ ሰው እንዳይገድል። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች። መኩሪያ በእንብርክኩ ሆኖ ፍራሽ ያነሣል፣ ይወረውራል፣ ያለቅሳል። ሰሀር ትጎትታለች፣ መንገደኛው ይጎትታል። አንድ ፍራሽ ተነሣ፣ ሌላ ተነሣ፤ ሰው የለም። ሦስተኛው ሲነሣ ጋሽ ደገፋ በሁለት ፍራሾች መሀል እንደ ሥጋ በዳቦ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ባርኔጣቸው ሆዳቸው ላይ ነው፤ ከዘራቸውን አለቀቁም። ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ከላያቸው የሚንቀጠቀጠውን መኩሪያን አዩት።

«በእግዜር» አሉት።

መጀመሪያ የሳቀችው ሰሀር ናት። «አልሐምዱሊላህ! አላህ ፍራሼን ሰበብ አደረገላቸው!» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ መንገዱ በሙሉ ሳቀ። አምሳለ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ሕፃኗን ይዛ እዚያው ፍራሽ ላይ።

ትራፊክ ፖሊሱ መጣ። ገና ወጣት ነው።

«ምን ተፈጠረ አባት?»

መኩሪያ እንደ ልማዱ «ፍሬኗ…» አለ። ፖሊሱ ፍራሹን አስነሥቶ ገባና ፍሬኑን ረገጠ። ደግሞ ረገጠ። ወጣ።

«ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ነው። ስልክ እያወሩ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ቀምሰዋል?»

«መጠጥ ቀምሼ አላውቅም።»

«ታዲያ?»

መኩሪያ ወደ ሚስቱ ዞረ። ዓይኑ «እባክሽ» ይላታል። አምሳለ ያን ዓይን ታውቀዋለች፤ ስንት ጊዜ አሸንፏታል። ግን እጇ ላይ ያለችው ሕፃን ሞቃለች፣ ትከብዳለች።

«ሰላም ሲል ነው» አለች።

«ምን?»

«ሰላም ሲል ነው። እሳቸውን ሲያይ ብድግ አለ። ሁልጊዜም ይላል።»

ፖሊሱ መኩሪያን አየ፣ ጋሽ ደገፋን አየ፣ የጠቆረውን ጣሪያ አየ። «እናቴ፣ እኔ ይኼን ምን ብዬ ልጻፈው?» አለ። በመጨረሻ «በጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ ጻፈና ቅጣቱን ሰጠው። የተበላሹትን ፍራሾች መኩሪያ ገዝቶ ቤቱ ወሰደ። ጋሽ ደገፋ አንገታቸውን ትንሽ ወለም ከማለቱ በቀር ምንም አልሆኑም።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይበቃው ነበር። መኩሪያ ግን በማግስቱ ከበረንዳ ሆኖ ቄስ ሲያልፉ አየና ብድግ አለ። ያን ጊዜ አምሳለ እሱን መለመን ከንቱ መሆኑ ቁርጥ ሆነላት።

እድሩ የሚሰበሰበው እሑድ፣ ብሎኮቹ መሀል ባለው የጋራ ቤት ነው። መዋጮ ተከፈለ፣ የድንኳኑ መቀደድ ተወራ። ጋሽ ደገፋ አንገታቸውን በሻርፕ ጠምጥመው «ሌላ የሚነሣ ነገር አለ?» አሉ። አምሳለ እጇን አወጣች። በስብሰባ ተናግራ አታውቅም። መኩሪያ ከወንዶቹ መሀል ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ አቀረቀረ።

«እኔ ንግግር አላውቅም» አለች፤ «ፊደልም ብዙ አልቆጠርኩም። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። የመኪናችን ፍሬን ደህና ነው። ድሮም ደህና ነበር። መኪናዋ የምትዘለው ባሌ እናንተን ሲያከብር ነው።»

ጉምጉምታ ሆነ። አንዳንዱ ሳቀ።

«ስቃችሁ ስትጨርሱ ስሙኝ። ስንት ዓመት ለመንኩት፤ አይተወውም። አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። እሱ ካልቻለ እናንተ ቻሉ። መሪ ይዞ ስታዩት ፊታችሁን አዙሩ። እንዳላያችሁት ሁኑ። ለሰው ጀርባ አይነሣም።»

«እና ሰውየው ምን ሰረቀ?» አለ አንዱ ከኋላ። «እንዴት ፊት እንነሣዋለን?»

ጎረቤቷ ዶርቃ፣ ጴንጤዋ፣ ተነሣች። «እኔ ጌታ ይባርክህ ሳልለው አልፌ አላውቅም። እሱንም ልተው?»

«ቤት መጥተሽ እስኪመሽ ባርኪው። መኪና ላይ ሲሆን ግን በሆድሽ።»

ሳቁ እንደገና ተነሣ። ጋሽ ደገፋ በከዘራቸው ወለሉን መቱ።

«እኔ ከፍራሽ ሥር የወጣሁ ሰው ነኝ» አሉ። «በሚቀጥለው የሚያገኘኝ ብሎኬት መሸጫ ጋ ቢሆንስ? ከአምሳለ ጋር ነኝ። እጅ አውጡ።»

ሁሉም አወጣ። ዶርቃ ሁለቱንም እጇን አወጣች።

ወደ ቤት ሲሄዱ መኩሪያ ከፊት ከፊት ነው የሄደው። ደረጃው ላይ ሲደርስ ዞረ።

«አዋረድሽኝ።»

«አዎ» አለች። «ከምትታሰርብኝ ብትዋረድብኝ ይሻለኛል።»

ሳምንቱን ሙሉ እሺና እምቢ ብቻ ነበር የሚነጋገሩት። ሕፃኗ ክትባት የምትወስድበት ቀን ሲደርስ ቁልፉን አንሥቶ ወጣ። አምሳለ ሕፃኗን ይዛ ከሲና ጋር ከኋላ ገባች።

በሩ ላይ ዘበኛው አጥሩን እያየ ቆመ። ዳቦ ተሰልፈው የነበሩት ሴቶች ቪትዟን ሲያዩ አንድ ላይ ዞሩ። ዶርቃ ፀሐይም ዝናብም ሳይኖር ጃንጥላዋን ዘርግታ ፊቷን ከለለች፤ ከንፈሯ ግን ሲንቀሳቀስ ከሥር ይታያል። መኩሪያ መሪውን ይዞ ያያል። ፊቱ ጠቆረ። «ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጠኝ» አለ ቀስ ብሎ።

መታጠፊያው ላይ ጋሽ ደገፋ ነበሩ። መኪናዋን ሲያዩ ተጣድፈው ዞረው ከግድግዳው ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጡ። አላፊ አግዳሚው ሌላ ነገር ሊሠሩ መስሎት «ኧረ አባት፣ እዚህ ሽንት ክልክል ነው!» ይላቸዋል። እሳቸው አልተነቃነቁም። በትከሻቸው ላይ አንድ ዓይን ብቻ ላክ አድርገው መኩሪያ ተቀምጦ እንደሆነ አዩና ቶሎ መለሱት።

መኩሪያ ከት ብሎ ሳቀ። እየሳቀ እንባው መጣ። እጆቹ መሪው ላይ ናቸው፤ ቂጡም ወንበሩ ላይ። ሲና ሳቀች። አምሳለ ከልቧ ተነፈሰች፤ ያን ያህል አየር ሆዷ ውስጥ መኖሩንም አታውቅም ነበር።

«ጋሽ ደገፋን እንዲህ አልፌ መሄድ ነውር ነው» አለ መኩሪያ ዓይኑን እየጠረገ። «ስመለስ ቤታቸው ሄጄ እጅ እነሣለሁ።»

«ሂድ» አለችው። «መሬት እስክትስም ንሣ። በእግርህ ግን ሂድ።»