ሁለተኛው ልኬት

የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ በእማማ ጥሩሸዋ ክንድ ላይ ሁለት ጊዜ ዞሮ ተረፈ። ወሰንየለሽ ፈትታ እንደገና አጠበቀችው። ከሁለት ሳምንት በፊት ስትለካቸው እንዲህ አልሰፋም ነበር፤ ወይ ሴትዮዋ ከስተዋል፣ ወይ ያን ጊዜ ልብ አላለችም። ላስቲኳን ጨበጥ ለቀቅ ስታደርግ እማማ ጥሩሸዋ እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ሳቁ።

«አሁንስ ለመድኩት። ፊት ጊዜማ ክንዴን ቆርጦ የሚጥለው መስሎኝ ነበር» አሉ። «ስንት አለ?»

ነገረቻቸው፤ ቅጹም ላይ ጻፈችው። ወረቀቱን ገልጣ ጥያቄ አሥራ አራትን ማንበብ ጀመረች፤ መሃል ላይ ተደነቃቀፈች። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ልጅዎ በሰላም ይመለሳል ብለው ምን ያህል ተስፋ አድርገዋል? ምንም፣ ጥቂት፣ መካከለኛ፣ ብዙ፣ እጅግ ብዙ።» ባለፈው ጊዜ ይህንኑ ጥያቄ ሳትደነቃቀፍ አንብባው ነበር። ያን ጊዜ እሷም እንደ ሴትዮዋ ምንም አታውቅም ነበር። ዛሬ ግን ታውቃለች።

ያወቀችው ጠዋት ነው። ከዘመሮ ከተማ ተነስታ ዳገቱን ስትወጣ የመንደሩ የቅሬ ዳኛ አቶ ወዳጆ በቅሏቸውን እየሳቡ መንገድ ላይ ጠበቋት። በዚያ አገር ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ መርዶም ሲመጣ የሚያረዳው ቅሬው ነው፤ ዳኛው ሳይቆርጥ ማንም አፉን አይከፍትም። ስለ ውርጩ፣ ስለ ገብሱ ሲያወሩ ቆይተው ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንዲያው የኔ ልጅ፣ የጥሩሸዋ ልብ እስኪጠና ስንት ቀን ይቀረዋል? ሰዉ እኮ አፉን መያዝ አቃተው። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ሰምተዋል።»

«ምኑን ነው የሰሙት ጋሼ?»

አቶ ወዳጆ በቅሏቸውን አቁመው አዩዋት። «ሳታውቂ ነው እንዴ የለካሻት?»

የእማማ ጥሩሸዋ አንድ ልጅ፣ ወንዳፈራሁ፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሞቷል። ከግንባር ቆስሎ የተመለሰ የግሼ አገር ልጅ መስከረም ላይ መጥቶ ለሽማግሌዎቹ ነግሯቸዋል፤ አፈር ያለበሰው እሱ ራሱ ነው። ሴትዮዋ ባል የላቸው፣ ሌላ ልጅ የላቸው። ገብሳቸው ይታጨድ፣ ይወቃ፣ ጎተራ ይግባ፣ ከዚያ እናረዳለን ተባባሉ። ደግነት ነው፤ የአገሩም ወግ ነው፤ ማንም ክፉ አይለውም። ውቂያው አልቆ፣ የሚያረዱት ሰዎች ተመርጠው፣ ቀኑ ሲቆረጥ ነው እንግዲህ ጥናቱን የሚመሩት ዶክተር መሳፍንት በመኪና ከች ያሉት።

«ያን የልብ ማዳመጫ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው» አሉ አቶ ወዳጆ። «ሦስት ጊዜ ልለካት፤ ሁለቱን ሳትረዳ፣ አንዱን ከተረዳች በኋላ፤ እስከዚያ አቆዩልኝ አሉን። ልቧን ሊያክሙልን ነው ብለን መረቅናቸው። ባሏም በልብ ነው የሞተው። እናስ፣ መድኃኒቱ መቼ ነው የሚሰጣት?»

ምን መድኃኒት አለና! በወሰንየለሽ ቦርሳ ውስጥ ያለው አርባ ሁለት ጥያቄ፣ ሁለት እስክሪብቶና ያ ላስቲክ ነው። ሽማግሌውን እዚያው አቁማ የወጣችውን ዳገት በሩጫ ወረደች።

ዶክተር መሳፍንትን ዘመሮ ባረፉበት ቤት በረንዳ ላይ ቅጾች ሲደረድሩ አገኘቻቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን አለመናገር ነውር ነው። የሥነ ልቦና መምህሯ ናቸው፤ ክፍል ውስጥ ስለ ተጠኚ መብት ሲያስተምሩ ቁጭ ብድግ ይላሉ፤ ያኔ ያስጻፏት ማስታወሻ ዛሬም አለ። የነገረቻቸውን ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

«መርዶውን የደበቅኩት እኔ አይደለሁም» አሉ በመጨረሻ። «እነሱ ሲያቆዩ ነው የደረስኩት።»

«እነሱ ያቆዩት ለገብሱ ነበር። ገብሱ ጎተራ ከገባ ወር ሊሞላው ነው።»

«ሦስት ሳምንት ለመንኳቸው። ሦስት ሳምንት ምን ይለውጣል ወሰንየለሽ? እናቴ በወንድሜ መርዶ ወድቃ አልተነሳችም። ሰውነቷ ውስጥ ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፤ የሚያውቅም የለም። ከመርዶ በፊትም ከመርዶ በኋላም የተለካች እናት ብናገኝ ስንቷን እናተርፍ መሰለሽ?»

«ሐኪም መስለዋቸዋል።»

«ሐኪም ነኝ አላልኩም።»

«አይደለሁምም አላሉም።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። ሲናገሩ ድምፃቸው ደክሞ ነበር። «ዛሬ ሁለተኛው ልኬት ካልመጣ ያንቺም የመመረቂያ ጥናት የለም። ደግሞ የተጠኚ ምሥጢር አላወጣም ብለሽ ፈርመሻል። ለእሷ ብትናገሪ ማንን ትጠቅሚያለሽ? ብቻሽን ገብተሽ ልታረጂያት ነው?»

እና ሄደች። አዎ፣ ሄደች! ያን ሁሉ ስትናገር የነበረችው ልጅ ቦርሳዋን አንግታ ያንኑ ዳገት ሁለተኛ ወጣችው። መንገድ ላይ ለራሷ ምክንያት ስትደረድር ነበር። አራት ዓመት ተምራለች፤ ስድስት ወር ቀርቷታል። ደግሞም ዶክተሩ እውነታቸውን ነው፤ መርዶ በጠራራ ፀሐይ፣ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድና ጎረቤት በር ላይ ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ይዞ፣ የሚደግፍ ደግፎ ነው። ብቻውን ያረዳ ሰው እንደ ገደለ ይቆጠራል። ይህን የዘመሮ ልጅ ወሰንየለሽ ከጡት ጋር የጠባችው ነገር ነው። ግን ምክንያቱ ሁሉ ተደርድሮ ሲያልቅ አንድ ነገር ይቀር ነበር። በመጀመሪያው ቀን የስምምነቱን ቅጽ ያነበበችላቸው እሷ ናት። ጥናቱ ጉዳት የለውም፣ ባልፈለጉ ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ ብላ። ሴትዮዋ አውራ ጣታቸው ቀለም እንደነካ «ለመሬት ድልድል አይደለም አይደል?» ብለው ነበር የጠየቁት፤ የፈሩት እሱን ብቻ ነበር። እሷም ስቃ «አይደለም እማማ» ብላ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ጫን አደረገችው።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ አሁን እማማ ጥሩሸዋ። «እጅግ ብዙ በይ። ያችን ጥያቄ አውቃታለሁ።»

ወሰንየለሽ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«እንዲያውም ምሥጢር ልንገርሽ» አሉ ሴትዮዋ፣ እንዝርቱን አንስተው ጭናቸው ላይ እያሾሩ። «እሑድ ወደ ራቤል ሽማግሌ ልልክ ነው። የአፈወርቅን ልጅ፣ አያልነሽን ላጭለት። ጦርነቱ ካበቃ ይኸው ስድስት ወሩ፤ ዛሬ ነገ ይለቁታል። መጥቶ ቤቱን ባዶ ከሚያገኘው ብዬ ነው። ይኸ የምፈትለው የበግ ጠጉር ለሙሽራ በርኖሱ ነው። ልጅቷ ጥርሷ ገጠጥ ይላል፤ ይሁን! እሱስ ቢሆን ቁመቱ ነው እንጂ መልኩ ያን ያህል አይደል።» ሳቃቸው ቤቱን ሞላው። «ወዳጆን ሽማግሌ ሁንልኝ ብየው እሺ አለኝ።»

እሺ አሉ! ምስኪን፣ ምን ይበሉ? እምቢ ቢሉ ለምን ሊባሉ ነው። ወሰንየለሽ ሽማግሌዎቹ በቅሎ ጭነው ራቤል ሲወርዱ፣ የማይሆነውን ነገር የሰው ደጅ ቆመው ሲለምኑ ታያት። አያልነሽ የምትባለው የማታውቃት ልጅ ለሞተ ሰው ስትታጭ፣ ነገሩ ሲወጣ ይቺ ሴት በሁለት አገር መሳቂያ ስትሆን ታያት። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ የዶክተሩ ሦስት ሳምንት እስኪሞላ ተብሎ ነው። እስክሪብቶው «እጅግ ብዙ» ከሚለው ቃል አጠገብ ቆሞ ቀረ።

«ጻፊዋ» አሉ እማማ ጥሩሸዋ።

«አልችልም።»

«ምኑን?»

«እማማ፣ እሑድ ሽማግሌ አይላኩ።»

አፏ ነው የተናገረው፤ እሷ ገና አልወሰነችም ነበር። እንዝርቱ ቆመ። ወሰንየለሽ «ለምን?» እስኪሏት ጠበቀች፤ አላሏትም። ሴትዮዋ ፊቷን አዩ፣ ቅጹን አዩ፣ ከዚያ በተከፈተው በር ደጁን ማየት ጀመሩ።

«ወዳጆ ቅዳሜ ገበያ ላይ ዓይኑን ሸሸኝ» አሉ ቀስ ብለው። «የጎረቤቴ የየትምወርቅ ልጆችም እኔ ስደርስ ጨዋታ ያቆማሉ። ገብሴን ሲወቁልኝ ማንም አልዘፈነም። እኔ የጾሙ ድካም ነው ብዬ...»

ወሰንየለሽ አፏን ከፈተች። እማማ ጥሩሸዋ እጃቸውን ዘረጉ።

«ዝም በይ! ብቻሽን እንዳትነግሪኝ!» ድምፃቸው ቁጣ ነበረው። «እኔ ሰው የለኝም? ቅሬ የለኝም? ሃያ ዓመት ሙሉ ስንቷን ከኋላዋ ይዤ አስለቅሻለሁ። የኔን በወረቀት ልትነግሪኝ? ሂጂ። ሂጂና ሰው ይዘሽ ነይ።»

አቶ ወዳጆ በረት አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠፍር ሲያለፉ አገኘቻቸው። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነገረቻቸው። ዶክተሩ የልብ ሐኪም እንዳልሆኑ፣ መለኪያው እንደማያክም፣ መድኃኒት የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ሴትዮዋም ጠርጥረው ሳይሆን አውቀው ሰው እንደሚጠብቁ። ሽማግሌው ሲሰሙ እጃቸው ጠፍሩ ላይ ቆመ።

«ታዲያ የለካችኋት ለማን ነው?»

«ለራሳችን ነው ጋሼ።»

«ለራሳችሁ» አሉ። ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ሦስት ጊዜ ማልጄ ልነግራት ተነስቻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ልቧ አልጠናም ብዬ ተመልሻለሁ። ሽማግሌ ሁነኝ ስትለኝም እንድትድን ብዬ ዋሸኋት። በስተርጅናዬ!» ቆባቸውን መልሰው ደፍተው ተነሱ። «አሁን አይሆንም። ወንድሟ ከጓሳ ማዶ ነው፤ ሰው በፈረስ እሰዳለሁ፤ እሱ ሳይደርስ አትረዳም። ጎህ ሲቀድ እንመጣለን። እስከዚያ ብቻዋን እንዳትሆን።»

«ማን ይሂድ?»

«አንቺ ነሻ! ጀምረሽ የት ልትሄጂ ነው?»

ስትመለስ ቤቱ ተጠርጓል። እማማ ጥሩሸዋ መደቡ ላይ ያለውን አጎዛ አራግፈው አንጥፈዋል፣ ከሰው የተዋሱትን ወንፊት ለመመለስ በር ላይ አስቀምጠዋል፣ ትልቁን ድስት ጥደው ባቄላ እየቀቀሉ ነው። ለቅሶ ቤት ለሚመጣ ሰው ንፍሮ የሚያቀርቡት ጎረቤቶች ናቸው፤ ለራሷ ለቅሶ ራሷ የቀቀለች ሴት ወሰንየለሽ አይታም ሰምታም አታውቅም። ሴትዮዋ ከምድጃው ቀና ሳይሉ ጠየቋት።

«መቼ አሉ?»

«ጎህ ሲቀድ።»

«ወንድሜን ላኩበት?»

«ልከዋል።»

«ደግ።» እሳቱን ቆሰቆሱ። «አንቺ መቼ ነው ያወቅሽው?»

ውሸት ምላሷ ላይ መጣ፤ ዋጠችው። «ዛሬ ጠዋት።»

«ጠዋት አውቀሽ ነው ክንዴን ያሰርሽኝ?»

«አዎ፣ እማማ።»

እማማ ጥሩሸዋ አልረገሟት፣ አልማሯት። ባቄላውን በማማሰያ እያገላበጡ ቆዩ፤ ወሰንየለሽም ቁጭ በይ ስላልተባለች በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች። እንባዋ መጣ፤ በዚህ ቤት ማንም ሳያለቅስ እሷ ቀድማ ማልቀስ የማይገባ ነገር ስለሆነ በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው። ደጅ በጎቹ ከግጦሽ እየተመለሱ ነበር። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም።

«አታልቅሺብኝ» አሉ ሴትዮዋ። «የተነገረኝ ነገር የለም። እስከ ጎህ ልጅ አለኝ።»

መደቡ ላይ ወጥተው ተቀመጡ፤ ከጎናቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ወሰንየለሽ ሄዳ ተቀመጠች።

«በይ ጠይቂኝ።»

«ቅጹን እማማ...»

«ቅጽሽን እሳት ይብላው። ልጄን ጠይቂኝ። ሁለቴ መጥተሽ ስለ እንቅልፌ ጠየቅሽኝ፣ ስለ እህሌ ጠየቅሽኝ፣ እሱን አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም።»

እውነት ነው። ከአርባ ሁለቱ ጥያቄ አንዱም ወንዳፈራሁ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አይጠይቅም ነበር።

«ምን ይወዳል?» አለች።

እማማ ጥሩሸዋ አሰቡ።

«በሶ» አሉ። «በማር አይወድም፤ በጨው ነው። ቆሞ ነው የሚበላው። ቁጭ በል እለዋለሁ፣ እሺ ይለኛል፣ አይቀመጥም።»